«የኢትዮጵያ ውቅያኖስ» እና ሌሎች የድሮ ካርታ ወሬዎች

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ያንኑ ካርታ ላከው። አፍሪካ ቢጫና ሮዝ ተቀብታ፣ በስተምዕራብ ባሕሩ ላይ «ኦኬያኑስ ኤትዮፒኩስ» (የኢትዮጵያ ውቅያኖስ) የሚል የላቲን ጽሑፍ ተንጣሎ፣ ከሥሩ «አትላንቲክ የእኛ ነበር፤ ታሪክህን እወቅ፣ ሼር አድርግ» ይላል። ስንተኛ ጊዜ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። የቆዩ ህትመቶችን ማጽዳትና መጠገን እንጀራዬ ስለሆነ ሰው ሁሉ «አንተ ታውቀዋለህ» እያለ ይልክልኛል። የማውቀውን ስነግረው ደግሞ ያኮርፋል።

አንዴ ጽፌው ልገላገል። ከቀላሎቹ ልጀምር፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ከኮሎምበስ በፊት ምድር ጠፍጣፋ ናት ይባል ነበር።» ፊደል የቆጠረ አውሮፓዊ እንዲህ አይልም ነበር። ማርቲን ቤሃይም ኑረምበርግ ላይ የምድርን ሉል ያሠራው በ1492 ነው፤ ኮሎምበስ ገና ከጉዞው አልተመለሰም። ክርክሩ ስለ ርቀት ነበር። እሱም ቢሆን ኮሎምበስ ምድርን አሳንሶ ስለገመተ ልክ የነበሩት ተቃዋሚዎቹ ናቸው።

«ባልታወቀ አገር ላይ ሁሉ ‹እዚህ ዘንዶ አለ› ተብሎ ይጻፍ ነበር።» ይህ ቃል ያለው በ1510 ገደማ በተሠራች፣ አሁን በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በምትገኝ አንዲት ትንሽ የመዳብ ሉልና እሷን በሚመስል የሰጎን እንቁላል ላይ ነው። በቃ።

«መርካተር አፍሪካን ሆን ብሎ አሳነሳት።» መርካተር ካርታ ሠሪ ነው፤ የ1569ኙ ካርታው የመርከበኛ መሣሪያ ነው፤ በኮምፓስ አንድ አቅጣጫ ይዞ የሚጓዝ ሰው መንገዱን በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ እንዲያሰምርበት የተሠራ። ለዚህ ሲባል ከምድር ወገብ የራቀው ሁሉ ይለጠጣል። ግሪንላንድ ያበጠችው በዚህ ምክንያት ነው፤ አፍሪካ በስፋት 14 እጥፍ ገደማ ትበልጣታለች። ለባሕር የተሠራውን ወስዶ መማሪያ ክፍል ውስጥ የሰቀለውን ሰው መውቀስ ይቻላል።

«አዲሱ ካርታ ከአሮጌው ይሻላል።» እዚህ ላይ ሥራውን ማየት ይጠቅማል። ቀራጩ በተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ሹል ብረት በመዳፉ እየገፋ መስመሩንም ፊደሉንም ገልብጦ ይቀርጻል፤ በመስታወት እንደሚታይ ጽሑፍ። ሰሌዳው ቀለም ተቀብቶ ፊቱ ሲጠረግ በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ያለው ብቻ ይቀራል። እርጥብ ወረቀት ተጭኖበት በሁለት ከባድ ጥቅል መሃል ሲያልፍ ወረቀቱ ቀለሙን ይመጠዋል። ስህተት ከተገኘ ቦታውን ፍቆ፣ ከጀርባው በመዶሻ ደብድቦ፣ አለስልሶ እንደገና መቅረጽ ነው። ለአንድ ሐይቅ ማን ይህን ሁሉ ይደክማል? ሰሌዳ ደግሞ ሀብት ነው፤ ይወረሳል፣ ይሸጣል። የመርካተርን ሰሌዳዎች በ1604 ሌላው ካርታ አሳታሚ ዮዶኩስ ሆንዲየስ ገዛቸው። ከሆንዲየስ ቤት የወጡ ሌሎች ሰሌዳዎችን በ1629 ተፎካካሪው አሳታሚ ዊለም ብላው ገዝቶ የሆንዲየስን ስም ፍቆ የራሱን ቀረጸባቸው። ስለዚህ ካርታው ላይ ያለውን ዓመት አይታችሁ «በዚያ ዓመት ዓለም እንዲህ ይታወቅ ነበር» አትበሉ።

እውቀትም ወደ ኋላ ይመለሳል። ካርታ ሠሪው ኦርቴሊየስ በ1570 አንትወርፕ ላይ ባሳተመው አትላስ ካሊፎርኒያ ባሕረ ገብ መሬት ነበረች። በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን ደሴት ሆነች፤ የስፔኑ ንጉሥ ፈርዲናንድ 6ኛ በ1747 ደሴት አይደለችም ብሎ እስኪያውጅ ድረስ።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ።

«ባሕሩ በኢትዮጵያ ስም ከተጠራ አፍሪካ በሙሉ የኢትዮጵያ ግዛት ነበረች።» ጽሑፉ ሐሰት አይደለም። ደቡባዊው አትላንቲክ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ ካርታ በዚህ ስም ተጠርቷል፤ የደበቀውም የለም። ግን «ኤትዮፒያ» ብሎ የጻፈው ሰው ምን ማለቱ ነበር? ቃሉ የግሪክ ነው፤ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ እንደ ማለት ነው። ለግሪኩ ከግብፅ ወዲያ ያለ ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነበር፤ በላቲን የሚጽፉት ካርታ ሠሪዎችም ይህንኑ ወረሱ። ብላው በ1635 ገደማ ሁለት ካርታ አውጥቷል። «የላይኛው ኢትዮጵያ» ያለው የሐበሻን አገር ነው። «የታችኛው ኢትዮጵያ» ያለው ግን ዛሬ ደቡብ አፍሪካ፣ ዚምባብዌና ሞዛምቢክ ያሉበትን ነው። በዚያው ሰሞን ጎንደርን የቆረቆሩት አፄ ፋሲል ከዚምባብዌ ግብር ሲሰበስቡ የሰማ አለ?

ስሙ የእኛ አይደለም እያልኩ አይደለም። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ ግዕዙ «ሐበሻት» የሚለውን ግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» ይለዋል። የቆየ ስም ነው። ግን የህንድ ውቅያኖስም እስከ አውስትራሊያ ይደርሳል፤ ዴልሂ ፐርዝን ገዝታ ነበር የሚል አልገጠመኝም።

«ቀለሙስ? ድንበሩ ተለይቶ ተቀብቷል እኮ!» ይሄኛው ነው ደሜን የሚያፈላው። ከመዳቡ የሚወጣው ህትመት ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለሙን በብሩሽ የሚቀባው ሌላ ሰው ነው፤ ኦርቴሊየስ ራሱ እንጀራውን የጀመረው ካርታ በመቀባት ነበር። ቀቢው ገዢው በከፈለው ልክ ይቀባል። ከመቶ ዓመት በኋላ የተቀባ አለ፣ ለገበያ ሲባል አምና የተቀባም አለ። እርጥብ ጥጥ ሳስነካው ሮዙ ለቅቆ የመጣ «የጥንት ድንበር» በእጄ አልፏል።

ትልቋን ኢትዮጵያ የሳለው የኦርቴሊየስ የ1573 ካርታም አለ፤ የቄሱ ዮሐንስ መንግሥት የሚለው፤ ቄሱ ዮሐንስ አውሮፓውያን በሩቅ አገር አለ ብለው ያወሩለት የነበረ ክርስቲያን ንጉሥ ነው። ግዛቱ ከግብፅ ጫፍ ተነሥቶ ምድር ወገብን ተሻግሮ የዓባይ ምንጭ ናቸው ይባሉ እስከነበሩት የጨረቃ ተራሮች ይወርዳል። ምክንያቱ ድል አይደለም። ከወሬ የተሰበሰበው የሐበሻ ቦታ ስም ያንን ሁሉ ባዶ ስፍራ እንዲሞላ ተለጥጦ ነው። የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩባት አምባ ግሼን እንኳ ከወሎ ተነቅላ ወደ ምድር ወገብ ተጎትታለች። አገሩ ውስጥ ተቀምጦ በመሣሪያ የለካው ፖርቱጋላዊው ሚሲዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜዳ የሠራው ካርታ በ1660 ፖርቱጋል ኮይምብራ ላይ ሲታተም ግዛቱ በአንዴ አነሰ። ያ ሁሉ መሬት የጠፋው በማረም ነው።

የሚያናድደኝ፣ በእነዚህ ካርታዎች ላይ በእውነት የእኛ የሆነውን ማንም ሼር አያደርገውም። ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ በ1450 ገደማ ቬኒስ ላይ በሳለው የዓለም ካርታ፣ የሐበሻን አውራጃና ወንዝ በእጃቸው እየሳሉ ያሳዩት ከዚያው አገር የመጡ የሃይማኖት ሰዎች እንደሆኑ ጽፏል። ከ120 ዓመት በኋላ የመጣው ኦርቴሊየስ ከዚህ ባሰ ሁኔታ መሳቱን አስቡት። ጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ደግሞ የ1683 ካርታውን የሠራው የአልሜዳን ካርታ ይዞ፣ ከመካነ ሥላሴው አማራ ከአባ ጎርጎርዮስ በተማረው ላይ ተመሥርቶ ነው። ሁለቱ በ1649 ሮም ተገናኝተው፣ በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን ጎታ ድረስ ሄደውለታል። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከብ ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀሩ።

ምክር ካላችሁኝ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ማጉያ መነጽር ያዙ። ከመዳብ የታተመ መስመር ድፍን ነው፤ በጣት ቀስ ብላችሁ ብትዳስሱት ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ይላል። በካርታው ዙሪያ ሰሌዳው የተጫነበት ጠርዝ ሰርጎ ይታያል፤ እሱንም አስመስለው የሚሠሩት አሉና በእሱ ብቻ አትመኑ። ወረቀቱን ወደ መስኮት ያዙት፤ በእጅ የተሠራ የዚያ ዘመን ወረቀት በብርሃን ሲታይ ትይዩ መስመሮች አሉት።

አንድ ጋሼ የምላቸው ሰው ከአንድ ሱቅ «የ1630 ነው» ተብለው የገዙትን የአፍሪካ ካርታ ፍሬም እንዳበጅለት አመጡልኝ። በመነጽሩ ሳየው ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ ነጠብጣብ ብቻ፤ የዘመናችን ማተሚያ ሥራ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩት፣ ነጠብጣቡን አዩት። ቀና ሲሉ፣

«ግን ባሕሩ ላይ ኤትዮፒኩስ ይላል አይደል?» አሉኝ።

«ይላል፣ ጋሼ» አልኳቸው። ፍሬሙን በወርቃማ አስመረጡኝ።