የሐኪም መድኃኒት ሱስ ጥናት በሰሜን ኦንታሪዮ ነባር ሕዝቦች መንደሮች

በካናዳ ኦንታሪዮ ሰሜናዊ ጫፍ መኪና ዓመቱን ሙሉ የማይገባባቸው መንደሮች አሉ። መግቢያው አውሮፕላን ነው። በብርዱ ወራት ሐይቁ ወደ በረዶ ሲለወጥ ደግሞ በረዶው ላይ መንገድ ይጠረጋል። ነዋሪዎቹ ክሪ፣ ኦጂብዌና ኦጂ-ክሪ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው። በወቅቱ የ49 ማኅበረሰቦች ኅብረት የነበረው ኒሽናውቤ አስኪ ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2009 በሐኪም በሚታዘዝ መድኃኒት ሱስ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ።

ዋናው ጣጣ ኦክሲኮንቲን ነበር። ለከባድ ሕመም የሚታዘዝ፣ ቀስ እያለ ለሰዓታት የሚሠራ ክኒን ነው። ሲፈጭ ግን መድኃኒቱ ባንዴ ይለቀቃል። በ2012 አምራቹ ከካናዳ ገበያ አውጥቶ ለመፍጨት በሚያስቸግር ክኒን ተካው። ሱሱ ግን እዚያው ቀረ።

ይህን ማጥናት ቀላል አይደለም። የፋርማሲ መዝገብ ስንት ክኒን እንደወጣ እንጂ ማን እንደዋጠው አይናገርም። ቤት ለቤት መጠየቅም አለ፤ ግን ማን በሩን ይከፍታል? በ1940ዎቹና በ50ዎቹ የመንግሥት ተመራማሪዎች በአዳሪ ትምህርት ቤት የተራቡ የነባር ሕዝቦች ልጆችን ለሥነ ምግብ ሙከራ አውለዋቸዋል። እንዲህ ያለ ታሪክ አመኔታ ያሳጣል። በ1998 ደግሞ ኦካፕ የተባለው የነባር ሕዝቦች የመረጃ መርሕ ወጣ፦ መረጃው የማኅበረሰቡ ነው፣ ይቆጣጠረዋል፣ ያየዋል፣ በእጁ ይይዘዋል። ጉዳዩ የወግ ብቻ አይደለም። ጥቂት መቶ ሰው በሚኖርበት መንደር ስም ባይጠራም «የሁለት ልጆች እናት፣ የ24 ዓመት» ከተባለ ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል።

ጥሩ ምሳሌ ከእነዚሁ መንደሮች አንዱ በሆነው በኖርዝ ካሪቡ ሌክ የተደረገው ጥናት ነው፤ በ2015 ታተመ። እዚያ 140 ሰዎች፣ ማለትም ከአዋቂዎቹ 41 በመቶ፣ በራሳቸው ፈቃድ ለሕክምና መጡ። ከምላስ ሥር የሚሟሟ፣ ሱቦክሶን የተባለ የሱስ ማከሚያ መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር፤ ከጎኑም የማኅበረሰቡ ባህላዊ የፈውስ ዝግጅት ነበር። ተመራማሪዎቹ የታካሚውን የሽንት ምርመራ ብቻ ከማየት ይልቅ በመላው መንደር የመጣውን ለውጥ ለኩ። በአንድ ዓመት ውስጥ የወንጀል ክስ 61 በመቶ፣ የሕፃናት ጥበቃ ጉዳይ 58 በመቶ ወረደ። የትምህርት ቤት መገኘት በአንድ ሦስተኛ ጨመረ። እኔን የገረመኝ ግን ሱቁ ነው፦ ሽያጩ 20 በመቶ ገደማ አደገ። ለክኒን ይወጣ የነበረው ብር ወደ ሱቅ ዞሮ ይሆናል።

ጉድለትም አለው። አንድ መንደር ነው፤ ማነጻጸሪያ አልተያዘም። ለውጡን ያመጣው ሱቦክሶኑ ነው ወይስ ባህላዊው ፈውስ ብሎ መለየት አይቻልም።