የጀብዱ ፊልም ሥራ በአዲስ አበባ

ጀብዱ ሲባል ለአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ ቀድሞ ትዝ የሚለው ጦር ሜዳ ነው። የካሜራ ሰዎች ግን ቃሉን ለሌላ ሥራ ተውሰውታል። ገደል አፋፍ፣ እሳተ ገሞራ ጠርዝ፣ ዋሻ ውስጥ ወይም ወንዝ ላይ የሚቀረጽ ዘጋቢ ፊልም፣ ማስታወቂያና የጉዞ ቪዲዮ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ሥራውን ከያዙት ብዙዎቹ የማንም ቋሚ ተቀጣሪ አይደሉም፤ ውል ሲመጣ ይወጣሉ፣ ሲያልቅ ይመለሳሉ። ተራራው ሩቅ ቢሆንም ሥራው የሚጀመረውም የሚያልቀውም መሀል አዲስ አበባ ነው። ሜዳ ላይ ከሚያድሩባቸው ሌሊቶች ይልቅ ቢሮ ደጅ የሚጠኑባቸው ቀናት ይበዛሉ።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከዚህ የሚነሣ ባለሙያ አንድ ወር ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በአፋሩ የደናክል በረሃ ዳሎል ላይ ሊቀርጽ፣ በሌላው ወር ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ራስ ዳሽን ላይ ሊቆም ይችላል። የሙያው ሀብትም ፈተናም ይህ ነው። ካሜራ ደግሞ ለከተማዋ እንግዳ አይደለም። የአርመን ተወላጆቹ ቦያጂያኖች ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ፤ ፒያሳም ለረጅም ዘመን የፎቶ ቤቶች ሰፈር ሆና ኖራለች። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የፒያሳ፣ ቀጥሎም የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ትናንሽ ሱቆች ከቦታቸው ተነሥተዋል።

ዓመቱ የሚቆጠረው በዝናብና በሙቀት ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ሰሜን ተራሮች አረንጓዴ ናቸው፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። የደናክልን ሙቀት ሰው የሚችለው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የኤዲቲንግ ወራት ናቸው። ችግሩ ጥር ላይ ይመጣል። ደናክል የሚመቸው፣ ጥምቀት የሚውለው፣ ሠርግ የሚደራውም በዚሁ ወር ነው። የፍሪላንስ ካሜራማን እንጀራ የሚጋገረው ደግሞ በብዛት በሠርግና በግብረ ሰናይ ድርጅቶች ቪዲዮ ነው። ስለዚህ የጥር ጉዞ የተዋዋለ ሰው የዓመቱን ጥሩ ሠርጎች አሳልፎ ይሰጣል። ይህን ሳያሰላ ዋጋ የሚቆርጥ ጀማሪ ሲከስር ማየት የተለመደ ነው፤ ቀብድ ሳይቀበል መኪና የሚከራይም እንዲሁ።

ብዙዎቹ ወደ ሙያው የገቡት በፊክሰርነት ነው። ፊክሰር ማለት ለውጭ ቀራጮች ፈቃድ የሚያወጣ፣ መኪና የሚያገኝ፣ የሚያስተረጉም፣ ሽማግሌ የሚያነጋግር ሰው ነው። ሰዓት መቀየርም የእሱ ሥራ ነው። የሰሜን ተራሮች መግቢያ በሆነችው ደባርቅ ያለ በቅሎ ነጂ «11 ሰዓት እንነሣ» ሲል ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ማለቱ ነው፤ በፈረንጁ መርሐ ግብር ላይ ይህ 5 ሰዓት ተብሎ መጻፍ አለበት። አንድ ጊዜ ከተሳሳተ የቀኑ ዋና ብርሃን ያመልጣል። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ፀሐይ ሽቅብ ትወጣለች፤ ለስላሳው የማለዳ ብርሃን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይህን ሁሉ የተሸከመ ሰው ስም ፊልሙ መጨረሻ ላይ ሲቀር ያሳዝናል፤ በውል ውስጥ ቀድሞ መጻፍ ያለበት ነገር ነው።

ፈቃድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ በተለምዶ ኢንሳ የሚባለው፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፓርክ ሲሆን የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ቅርስ ሲሆን የቅርስ ባለሥልጣን ይጠየቃል። ከዚያ ደብዳቤው ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ይወርዳል። ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ኬላ ላይ ዋጋ የለውም። ከወረቀቱም በፊት ግን ስልክ ይደወላል፦ መንገዱ ሰላም ነው ወይ? በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት በሰሜን የተጀመረው ጦርነትና ከእሱ በኋላ የመጣው ግጭት ለብዙዎች ዋና የሥራ ቦታ የነበሩትን ተራሮች ለረጅም ጊዜ አርቆባቸዋል።

ዕቃውን በተመለከተ፣ የብዙዎቹ ቦርሳ ውስጥ የሚገኘው መስታወት አልባ (ሚረርለስ) የሶኒ ወይም የካኖን ካሜራ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሌንስ፣ ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘው ጂምባል፣ ትራይፖድ፣ ጎፕሮ የምትባለው ትንሽ ካሜራና ትንሽ ድሮን ነው። ሁሉንም የራሱ ያደረገ ጥቂት ነው። ሌንስ ይከራያል፣ ድሮን ከጓደኛ ይመጣል፣ ለካሜራው ዕቁብ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ተሻገረ። የካሜራ ዋጋም አብሮ ሄደ፤ በብር የሚከፈለው የቀን ክፍያ ግን በዚያ ፍጥነት አልተከተለም።

ቦታው ዕቃውን ይመርጣል። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ የድሮን ክንፍ የሚገፋው አየር ይሳሳል፣ ሞተሩ ይበረታል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ባትሪ ከሰው ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ ያድራል። ዳሎል ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ብዙ ድሮኖች እንዲበሩ የተፈቀደላቸው እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ዳሎል ደግሞ ይህን ያልፋል። ካሜራ በጥላ ይያዛል፣ ረዥም ቀረጻ ይቆራረጣል። ጨዋማው አቧራና አሲዳማው ጋዝ ብረት ስለሚበሉ ዕቃው ማታውኑ ይጸዳል። ኤርታ አሌ እሳተ ገሞራ ጠርዝ ላይ የጋዝ ጭንብል የግድ ነው። ለአገር ውስጥ በረራ ባትሪ ሁሉ በእጅ ሻንጣ ይያዛል፤ የሚይዘው ኃይል ከ100 ዋት-ሰዓት በላይ ከሆነ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከ160 በላይ የሆነው አይሳፈርም። እንደ እኔ ግን መጀመሪያ መገዛት ያለበት ጥሩ ማይክና ፀጉራም የንፋስ መከላከያ ነው። የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሣር ሲነጭ የሚሰማው ድምፅ በገደሉ ንፋስ ከተዋጠ ምስሉ ብቻውን ባዶ ይሆናል።

ተመልሶ ከተማ ሲገቡ የሚጠብቀው ኤዲቲንግ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለሆነ ቤት ውስጥ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ምስል፣ የሚቀርጽ ሰው የአምፖል ብልጭታ አያስቸግረውም፤ የአሜሪካን 30 ፍሬም የለመደ ግን ይቸገራል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 45 ጊጋባይት ይሆናል። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ይህን ለመላክ 10 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ እንደገና። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ራሱ በተጓዥ ሰው እጅ ይላካል፤ ሁለተኛው ቅጂ ቤት፣ ሦስተኛው ሌላ ሰፈር ዘመድ ዘንድ ይቀመጣል።

ከዚህ ሥራ ጀርባ የፓርኩ ጠባቂ ስካውት፣ በቅሎ ነጂው፣ ምግብ አብሳዩና የአፋር መንገድ መሪው አሉ። ደናክል ላይ ጨው የሚቆርጠው ሰው በዚያ ሙቀት የሚውለው ለአንድ ጉዞ ሳይሆን ለኑሮው ነው። በቀረጻ ሲያዝ ፈቃዱ ይጠየቃል፣ ሥራው ሲስተጓጎል የቀን ገቢው ይካሳል። ክፍያው ከጉዞው በፊት ከአገሬው ሽማግሌዎች ጋር ይቆረጣል። ፊልሙ ሲያልቅ ቅጂውን በሚሞሪ ካርድ የሚልኩላቸው ቀራጮች አሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲደውሉ ቀድሞ የሚነሣውም የእነዚህ ቀራጮች ስልክ ነው።