የበለጠ-ጌራ ደንና የጎጀብ ውሃ፦ ተሳስተን የምንላቸው ነገሮች

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ የሚታየው ጥቅጥቅ ያለ ደን በለጠ ይባላል። ከጌራ ደን ጋር ሆኖ ወደ ጎጀብ ወንዝ የሚወርዱ ብዙ ወንዞች መነሻ ነው። ስለ እሱ ግን የተሳሳተ ነገር ደጋግሜ እሰማለሁ።

«የጅማ ውሃ ሁሉ ወደ አባይ ነው የሚሄደው።»

የለም። ጎጀብም ግልገል ጊቤም ኦሞ ይገባሉ፤ ኦሞ ደግሞ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው። ወደ አባይ የሚሄደው ዴዴሳ ነው።

«ጅማ ዝናብ መቼ ቸግሯት! ደኑ ቢሳሳ ምን ይመጣል?»

ዝናቡ ደኑ ባይኖርም ይዘንባል እንበል። በበጋ ወንዙን የሚያቆየው ግን በክረምት መሬት ውስጥ የሰረገው ውሃ ነው። ሥርና የረገፈ ቅጠል የለበሰ አፈር ውሃውን ይመጥጣል። ገላጣ ተዳፋት ላይ ግን ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። ጎጀብ 1870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ወዳለው የጊቤ 3 ግድብ ስለሚገባ፣ ደለሉም ወደዚያው ነው።

«ባሕር ዛፍ ብንተክልበትም ያው ደን ነው።»

አይደለም። እንደ ቀረሮ፣ ጥቁር እንጨትና ዋንዛ ያሉ የአገር ዛፎች ከሥራቸው ቡናና ኮረሪማ፣ በላያቸው ደግሞ የንብ ቀፎ ያኖራሉ። ባሕር ዛፍ ይህን አይተካም።

«ገበሬው ከደኑ ካልወጣ ደኑ አይተርፍም።»

ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። እዚያ ዋቡብ የሚባሉ የገበሬ ማኅበራት አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓን ድጋፍ በተሠራ ፕሮጀክት የተቋቋሙ ሲሆኑ፣ ከመንግሥት ጋር ተዋውለው ደኑን ይጠብቃሉ፤ በምላሹም ቡናውንና ማሩን ይጠቀማሉ። ከደኑ የሚጠቀም ሰው ደኑ እንዲጠፋበት አይፈልግም።

«የጫካ ቡና ደኑን አይነካም።»

እዚህ ላይ ጠንቀቅ እንበል። ቡናው ብዙ ፍሬ እንዲይዝ ሲባል ከሥር ያለው ይመነጠራል፣ ጥላውም ይሳሳል። ትልልቆቹ ዛፎች ስለቆሙ ከመንገድ ሲያዩት ደህና ይመስላል። የቀረሮ ችግኝ ግን ከምንጣሮው ጋር አብሮ ሄዷል። የቆሙት አርጅተው ሲወድቁ ተተኪ የላቸውም። መፍትሔው ቡናን መተው አይደለም፤ ሲመነጥሩ የአገር ዛፍ ችግኞችን ለይቶ መተው ነው።

«ምርጥ ዘር እያለ የጫካ ቡና ለምን ያስፈልጋል?»

እ.ኤ.አ. በ1971 ፍሬውን የሚያጠቁር የቡና በሽታ ኢትዮጵያ ገባ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ናቸው። የተመረጡትም ከዚሁ ከምዕራቡ ቡና አገር፣ ከኢሉባቦር የቡና ዛፎች ነው። ስለዚህ ምርጥ ዘሩ ራሱ የሚወጣው ከአገሩ ቡና ነው፤ የጫካው ቡና ከጠፋ ቀጣዩን የምንመርጥበት ይጠፋል።