«ንገር፣ አሳይ፣ ሥራ» ምንድን ነው?

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር። ሰባት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ መቀመጥ አቅቶታል። መጋረጃ ይጎትታል፣ በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። እናቱ ደክሟታል። «ቁጭ በል! ዶክተሩ በመርፌ ይወጋሃል» አለችው። ስሙ ሲጠራ የበሩን እጀታ ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። ሳይታይ ተመለሱ። አንጀቴን በላኝ።

እንዲህ የሚሆኑ አንዳንድ ልጆች ኤዲኤችዲ አለባቸው። ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ ችግር ነው። ምልክቱ ከ12 ዓመት በፊት፣ ቤትም ትምህርት ቤትም ይታያል። ትኩረታቸው ቶሎ ይበተናል፣ እጅ እግራቸው አያርፍም፣ መጠበቅ ይከብዳቸዋል። የጥርስ ወንበር ደግሞ «ተጋደም፣ አትንቀሳቀስ፣ ጠብቅ» ይላል። ልጁ በጣም የሚቸገረው እዚሁ ላይ ነው። ቁጣና ቁንጥጫ ፍርሃት ከመጨመር በቀር አይረዱትም።

«ንገር፣ አሳይ፣ ሥራ» የሚረዳ ዘዴ ነው። ሃሮልድ አድልስተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በ1959 እ.ኤ.አ. አስተዋወቀው። ለማንኛውም ልጅ ይሆናል፤ ለእነዚህ ልጆች ግን የግድ ነው ባይ ነኝ።

ሐኪሙ መጀመሪያ በልጅ ቋንቋ ይናገራል፦ «ይቺ ብሩሽ እየተሽከረከረች ጥርስህን ታጥባለች።» ከዚያ ብሩሿን በልጁ አውራ ጣት ጥፍር ላይ ያሽከረክራታል። ምራቅ የሚመጠውን ቱቦ ኩባያ ውሃ ውስጥ ከትቶ ድምፁን ያሰማዋል። አየሩን መዳፉ ላይ ይነፋለታል። ከዚያ ወዲያው፣ ልክ እንደነገረው፣ ይሠራል። ያልተነገረ ነገር አይጨምርም።

ኤዲኤችዲ ላለበት ልጅ ማብራሪያው ሲረዝም ሐሳቡ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ትእዛዝ ብቻ፦ «አፍህን ክፈት።» ሲፈጽም ሌላው። «እስከ አስር እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ታርፋለህ» ይባላል። አስር ላይ በእውነት ማረፍ አለበት። እጁን ካነሳ ሐኪሙ እንዲያቆም ከተስማሙም ይቁም። አንዴ ቃሉን ካጠፈ ልጁ ሁለተኛ አያምነውም። ሙገሳውም ዝም ብሎ «ጎበዝ» ከሚሆን «አፍህን ሳትዘጋ ቆየህ፣ ጎበዝ» ቢሆን ይሻላል።

መርፌው ላይ «ማሳየት» ይለያል። ብዙ ሐኪሞች መርፌውን ልጁ ፊት አያወጡትም። ግን «ምንም አያምህም» አይባልም። «ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሃል፣ ከዚያ ጥርስህ ይተኛል» ማለት እውነትም ነው፣ ይበቃልም።

ወላጅ ቤት ውስጥ ማለማመድ ይችላል። ልጁን ጭንዎ ላይ አጋድመው በማንኪያ ጥርሱን ይቁጠሩለት። ቀጠሮውን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያስይዙ። ሜክሲኮ ታክሲ ተሰልፎ፣ ተጋፍቶ፣ ከሰዓት በኋላ የሚደርስ ልጅ ትዕግሥቱ መንገድ ላይ አልቋል። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ቀጠሮው መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ይሁን፤ የትኛውን እንደሚወስድም ለሐኪሙ ይንገሩ። አንዳንዱ አፍ ያደርቃል፣ ደረቅ አፍ ደግሞ ጥርስ ቶሎ ያስበላል። ውሃ ቶሎ ቶሎ ያጠጡት።

የመጀመሪያው ቀን ምንም ባይሠራ አይናደዱ። ወንበሩ ላይ ወጥቶ፣ ከፍ ዝቅ ብሎ፣ በመስታወቷ ጥርሱን አይቶ ቢመለስ ትልቅ ነገር ነው። ማደንዘዣ የተወጋ ቀን ግን ከንፈሩን ይጠብቁ። ደንዝዞ በሚቆይባቸው ሁለት ሦስት ሰዓታት እየተጫወተ ያኝከዋል።