ወንበር በእጅ ሲሠራ፦ የመሮውና የሞረዱ ድርሻ

ጠረጴዛ የሠራ ሁሉ ወንበር ይሠራል ማለት አይደለም። ጠረጴዛ ዕቃ ይሸከማል፣ ቁም ሣጥን ልብስ ይሸከማል፣ ሁለቱም ዝም ብለው ይቆማሉ። ወንበር የሚሸከመው ሰው ነው። ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይደገፋል፣ ይዞራል፣ ወደ ኋላ ይንጋለልና የወንበሩን የፊት እግሮች ከመሬት ያነሳል፣ ያኔ ክብደቱ በሙሉ የሚያርፈው መቀመጫውና የኋላ እግሩ የሚገናኙባት ትንሽ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ወንበር በእጅ መሥራት ሁለት ሥራ አለው። አንዱ እንጨቱን እንዳይላቀቅ አድርጎ መገጣጠም ነው፣ እሱ የመጋዝና የመሮ ሥራ ነው። ሌላው ገላ የሚነካውን ቦታ ሁሉ ለገላ እንዲመች ማድረግ ነው፣ እሱ ደግሞ የሞረድ፣ ማለትም በጥርሶቹ እንጨት የሚፍቀው ብረት ሥራ ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ይወራል። ሁለተኛው ሲናቅ አያለሁ፣ ይህ ደግሞ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ወንበሩ ወንበር የሚሆነው እዚያ ላይ ነው።

መገጣጠም የማይፈልግ ወንበርም አለ። የጅማው በርጩማ የሚወጣው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው። መቀመጫውም ሦስቱም እግሮቹ አንድ እንጨት ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ዋንዛ። ሦስት እግር መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሦስት እግር ያለው ነገር ጎርበጥባጣ መሬት ላይም አይንገዳገድም። መገጣጠሚያ ስለሌለው የሚላላ ነገር የለውም። ችግሩ እንጨት ይበላል፣ ከግንዱ አብዛኛው ፍቅፋቂ ሆኖ ይቀራል። ተገጣጥሞ የሚሠራው ወንበርም የትናንት አይደለም። በ1922 እ.ኤ.አ. በተገኘው የጥንቱ የግብፅ ንጉሥ የቱታንካሙን መቃብር ውስጥ ንጉሡ በልጅነቱ የተቀመጠባት ትንሽ የዞጲ ወንበር ነበረች። ከ3,000 ዓመት በፊት የነበሩት የግብፅ አናጢዎች የዛሬው አናጢ የሚያውቀውን ምላስና ቀዳዳ አሳምረው ያውቁ ነበር።

ምላስና ቀዳዳ ማለት የአንዱ እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ይቀረጻል፣ ሌላው እንጨት ላይ ደግሞ ልኩን ቀዳዳ ይፈለፈልለታል። የተለመደው ልክ የምላሱ ውፍረት የእንጨቱን ሲሶ ያህል እንዲሆን ነው። ከሳሳ ይሰበራል፣ ከወፈረ የቀዳዳው ግድግዳ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ቀዳዳውን በመሮ ጨርሶ ምላሱን በዚያ ልክ ማውጣት ይሻላል። ምላስን ማሳሳት ይቻላል፣ የሰፋ ቀዳዳን ማጥበብ ግን አይቻልም።

የወንበር ጣጣው ማዕዘኑ ነው። ብዙ ወንበር ከፊት ሰፋ፣ ከኋላ ጠበብ ይላል። መደገፊያውም ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ስለዚህ የጎን አግዳሚዎቹ ከእግሩ ጋር የሚገናኙት በቀጥታ ማዕዘን አይደለም፣ ቀጥታ ማዕዘን የሚለካው ስኳድራ ብቻውን እዚህ ላይ አያዋጣም። መፍትሔው ወንበሩን በሙሉ ልኩ ኮምፔርሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ ስስ ጣውላ) ላይ መሣልና ማዕዘኑን ከሥዕሉ ላይ መውሰድ ነው። ከወለል እስከ መቀመጫ ያለው ከፍታ ብዙ ጊዜ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ኮላ ከመነካቱ በፊት ወንበሩ በደረቁ ይገጠማል። ተደብድቦ ብቻ የሚገባ ምላስ ጠብቋል፣ በራሱ ክብደት የሚወድቅ ደግሞ ላልቷል። በእጅ ተገፍቶ ወይም በትንሽ ምት የሚገባ ነው ልኩ። የመጋዝ ብናኝ በኮላ ለውሶ ክፍተት መሙላት የተለመደ ነገር ነው፣ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ለዓይን ይደብቃል እንጂ አይሸከምም። እንደዚያ የተሠራ ወንበር ቆይቶ መወላገድ ይጀምራል፣ ያኔ የሚወድቀው ሰው ነው።

አሁን ወደ ሞረዱ። እኛ ዘንድ ብረት የሚሞርደውም እንጨት የሚሞርደውም ሞረድ ነው የሚባለው፣ ግን ለየቅል ናቸው። የብረቱ ፊት ላይ ያሉት መስመር መስመር ሆነው የተቆረጡ ስለቶች ናቸው። የእንጨቱ እያንዳንዱ ጥርስ ለብቻው የቆመ ነው፣ ጣት ሲያልፍበት እንደ ድመት ምላስ ይቧጥጣል። በማሽን የተመቱ ጥርሶች ቀጥ ብለው ከተሰለፉ የኋላው የፊተኛውን መንገድ ስለሚከተል እንጨቱ ላይ ቦይ ይቀራል። በእጅ የተመቱት ግን ሰልፋቸው የተዛባ ስለሆነ አንዱ ያለፈውን ሌላው ያነሳዋል። ፈረንሳይ ውስጥ ኦሪዩ እና ሊዮዤ የተባሉት ሞረድ ሠሪ ድርጅቶች እስከ ዛሬ ሹል መምቻና መዶሻ ይዘው ጥርሱን አንድ በአንድ ያወጣሉ። ኦሪዩ ሻካራነቱን በቁጥር ይለየዋል፣ 1 በጣም ሻካራው ነው፣ 15 በጣም ለስላሳው። ለግራኝ ተብሎ የሚሠራም አለ። የአሜሪካው ሞረድ ሠሪ ኒኮልሰን ደግሞ ማሽኑ ራሱ ሰልፉን እንዲያዛባ አድርጎ ቁጥር 49 እና 50 የሚባሉትን ሠርቷል፣ 49ኙ ሻካራው ነው። አንድ ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው ምክሬ ግማሽ ክቡ ነው። ጠፍጣፋ ጎኑ ለጎበጠው፣ ክብ ጎኑ ለተሰረጎደው ቦታ ይሆናል።

አያያዙ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ሥራው ሞርሳ (እንጨቱን ጨምቆ የሚይዝ ማሰሪያ) ላይ ይታሰራል። አንድ እጅ እጀታው ላይ፣ ሌላው ጫፉ ላይ ይሆናል። ጥርሱ የሚቆርጠው ሲገፋ ብቻ ነው፣ ሲመለስ ብድግ ይደረጋል። እየጎተቱ የሚመልሱት ሞረድ ቶሎ ይደነዝዛል። የክንድ ማረፊያን እንውሰድ። ሲጀመር አራት ጠርዝ ያለው ደረቅ እንጨት ነው። እያንዳንዱ ጠርዝ በ45 ዲግሪ ሲነሳ አራቱ ስምንት ይሆናሉ፣ ስምንቱ አሥራ ስድስት፣ ከዚያ በኋላ ክብ ነው። ይሄ በግምት ከማድበልበል ይበልጣል፣ ምክንያቱም የግራውና የቀኙ ክንድ እኩል መውጣታቸውን ጠርዝ እየቆጠሩ ማረጋገጥ ይቻላል። ዓይን በቃ ካለ በኋላ መዳፍ ገና ጉብታ ያገኛል። እኔ መጨረሻ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምዳስሰው፣ ያቺ ጉብታ ያለችበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደርግና እንደገና እገፋለሁ።

የእንጨቱ ክር በሚዞርበት ቦታ፣ ለምሳሌ እግሩ ወደ መቀመጫው በሚታጠፍበት ጋ፣ መላጊያ ይቦጭቃል። ሞረድ በትንሽ በትንሹ ስለሚነክስ ያን ቦታ ይችለዋል። ጥንቃቄው አንድ ነው፣ ሁሌ ከዳር ወደ ውስጥ መግፋት። ወደ ውጭ ከተገፋ ዳሩ ይቆረሳል።

ሞረድ ለወንበር ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ያሳየው አሜሪካዊው አናጢ ሳም ማሉፍ ነው (1916–2009 እ.ኤ.አ.)። ከሊባኖስ የመጡ ወላጆች ልጅ ነው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተወልዶ አናጢነትን ለራሱ ያስተማረ። በ1985 እ.ኤ.አ. የማክአርተር ሽልማት አግኝቷል። እግሩን መቀመጫው ጎን ላይ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ አጥብቆ ይከተዋል፣ ከዚያ ትርፍ እንጨቱን በሞረድ ያቀልጠዋል። የእሱን ተወዛዋዥ ወንበር ያየ ሰው እግሩ የት እንዳለቀ፣ መቀመጫው የት እንደጀመረ በቀላሉ አይለየውም። መገጣጠሚያውና ቅርጹ አንድ ሥራ ሆነዋል።

ከሞረድ በኋላ ቀጭን መፋቂያ ብረት፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻ ዘይትና ሰም ይመጣል። ጥሩ ሞረድ ከሌላ ብረት ጋር መሳቢያ ውስጥ አይጣልም። ጥርሱ ጠንካራ ብረት ስለሆነ ከሌላ ብረት ጋር ሲጋጭ ይሸረፋል። በጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ነው።

አራት እግር ያለው ወንበር ከተጣበቀ በኋላ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይንገዳገዳል። ልሙጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አጭሩ እግር ሥር ሽብልቅ ይገባል፣ በዝቅተኛ ጣውላ ላይ በተቀመጠ እርሳስ አራቱም እግሮች ዙሪያቸውን ይሰመራሉ፣ ከዚያ በመጋዝ ይቆረጣሉ። የተቆረጠው ጠርዝ ስል ስለሆነ ወንበሩ ወለል ላይ ሲጎተት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሞረዱ አንዴ ይመለስና የእያንዳንዱን እግር ሥር ዙሪያውን ያደበዝዛል።