«ዘንድሮ ስላልታመምኩ መዋጮዬ ባከነ»፦ ስለ ጤና መብትና ስለ ግዴታ መድን የሚባለውና እውነታው

ጥቁር አንበሳም ይሁን ዘውዲቱ፣ ራስ ደስታም ይሁን ጋንዲ፣ ካርድ ክፍል ፊት ያለው ሰልፍ ረጅም ነው፤ በሰልፉ ላይ ስለ ጤና መድን የማይባል ነገር የለም። አንዳንዱ እውነት ነው። ብዙው ግን እንዲህ መታረም አለበት።

«ጤና መብት ከሆነ ሕክምና ለምን ያስከፍላል?»

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ቃሉን መጥኖ ነው የተናገረው። አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እንዲጨምር ግዴታ ይጥላል። አንቀጽ 90 ደግሞ «የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» የሚል ገደብ አለው። ስለዚህ መብት መሆኑና ነጻ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። መብቱ ማንም በድህነቱ ምክንያት ከደጅ እንዳይመለስ ነው፤ ሂሳቡን ማን ይክፈል የሚለው ግን ሌላ ክርክር ነው። ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ የሚሰጡት በነጻ ነው፤ የመድን መታወቂያ አይጠየቅባቸውም። ለእነዚህ ክፈሉ የተባለ ሰው ምክንያቱን የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ይጠይቅ።

«መድን ግቡ ብሎ ማስገደድ ነጻነትን መንፈግ ነው»

ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው፤ የሚጠይቁትም ሞኞች አይደሉም። መልሱ ያለው ሂሳቡ ውስጥ ነው። 100 ቤተሰብ አለ እንበል፤ በዓመት 5 ሰው ይታመማል፣ የአንዱ ሕክምና 10,000 ብር ያስወጣል። ጠቅላላው 50,000 ብር ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት 500 ብር ይደርሰዋል። በዓመቱ «እኔ ጤነኛ ነኝ» ያሉ 40 ቤቶች ቢወጡ የሚታመሙት አብረው አይወጡም። ያው 50,000 ብር ለ60 ቤት ሲካፈል 833 ብር ይሆናል። ይህን ያየ 25 ቤት ደግሞ ይወጣል፤ ለቀሩት 35 ቤቶች መዋጮው ከ1,400 ብር ያልፋል። በመጨረሻ የሚቀሩት የታመሙት ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ለብቻቸው አይችሉትም።

ዕድር ይህን ችግር ከጥንት ያውቀዋል። ቤቱ ሰው የሞተበት ዕለት «መዝግቡኝ» የሚልን ሰው ዳኛው አይቀበለውም፤ ዘግይቶ የሚገባም የመግቢያ ይከፍላል። ዕድር ያለ ሕግ የሚሠራው ግን ጎረቤት ስለሚያፍርና «ነገ ማን ይቀብረኛል?» የሚል ፍርሃት ስላለ ነው። በጤና መድን የመርካቶው ነጋዴ የካዛንቺስን ታማሚ አያውቀውም፣ አያፍረውምም። ግዴታ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ለነገሩ ባለመኪናን ሶስተኛ ወገን ግባ ስንለው ፈቃዱን የጠየቀው የለም።

የግዴታ መድን የሶሻሊስት ሐሳብ ነው የሚሉም አሉ። በ1883 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሠራተኞችን የሕመም መድን ግዴታ ያደረገው የጀርመኑ መራሔ መንግሥት ቢስማርክ ሶሻሊስቶችን በሕግ ያሳደደ ሰው ነበር። አሜሪካም በዚያው አቆጣጠር በ2010 ባወጣችው ሕግ መድን ያልገባን ሰው ትቀጣ ነበር፤ ቅጣቱን ከ2019 ጀምሮ ዜሮ አደረገችው። ክርክሩ እዚያም አልተዘጋም።

«መታወቂያው ካለኝ የትም ሄጄ እታከማለሁ»

አይሆንም። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ ማለትም ቋሚ ደመወዝ የሌላቸው የሚያዋጡበት መድን፣ የሚመዘግበው ሰውን ሳይሆን ቤተሰብን ነው፤ ሕክምናውም የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ወጪ ይጠብቀዋል። ብዙ ሰው የሚመለሰው በሦስት ነገር ነው፦ ያልታደሰ መታወቂያ፣ በቤተሰቡ መዝገብ ስሙ ያልገባ ልጅ፣ ማህተም የሌለው የሪፈር ወረቀት። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ውጭ አገር መታከም አይሸፈኑም።

«መድኃኒት የለም የሚሉት መድን ስላለን ነው»

ቅሬታው እውነት ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ከኪሱ የሚከፍል ታካሚ ገንዘቡን ያኔውኑ ይሰጣል። የመድን አባል ሲታከም ግን ጤና ጣቢያው ሂሳቡን መዝግቦ ለመድኑ ይልካል፤ መድኑ ማዘዣውን፣ የላብራቶሪ ውጤቱንና የአባሉን መታወቂያ ካመሳከረ በኋላ ይከፍላል። ወረቀት የጎደለበት ሂሳብ ውድቅ ይሆናል። ክፍያው ሲዘገይ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ያጥረዋል፣ መደርደሪያው ይራቆታል። መድኃኒት ክፍል ያለችው ባለሙያ የምትሰደበው እሷ ባላዘገየችው ክፍያ ነው። አባሉ ማድረግ የሚችለው ማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ማህተም ማስመታት፣ መድኑ ውል የያዘበት መድኃኒት ቤት ካለ እዚያው ጠይቆ መሄድና ደረሰኙን አለመጣል ነው።

«የደመወዝተኛው መድን ሌላ ግብር ነው»

ይህኛው ግማሽ እውነት አለው። በ2002 ዓ.ም. የወጣውን የማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ ተከትሎ የወጣው ደንብ ከሠራተኛው ደመወዝ 3 ከመቶ እንዲቆረጥና ከአሠሪው 3 ከመቶ እንዲጨመር ደነገገ፤ በዚህ ስሌት 10,000 ብር የሚከፈለው ሰው 300 ብር ያዋጣል፣ አሠሪው ሌላ 300። ከግብር የሚለየው ገንዘቡ ለሕክምና ብቻ እንዲውል በሕግ መታሰሩ ነው። አፈጻጸሙ ከዓመት ዓመት ሲገፋ የኖረው ደመወዝተኛው ስስታም ስለሆነ አይመስለንም። በጤና ጣቢያው መስኮት «የለም» ሲባል የሰማ ሰው ከደመወዙ አስቀድሞ እንዲቆረጥበት አይቸኩልም፤ ግዴታውን የሚደግፍም ቢሆን መጀመሪያ መደርደሪያው ሞልቶ ማየት ይፈልጋል።