የተለያየ ሴቲንግ ላይ የተነሱ የአንጎል ኤምአርአዮችን ማዋሃድ ምንድን ነው?

ከመሀል ሜዳ ወይ ከደብረ ብርሃን ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ ሄዶ የጭንቅላት ኤምአርአይ የተነሳ ሰው፣ ዓመት ቆይቶ ሌላ ማዕከል ደግሞ ሲነሳ ሁለቱ ፊልሞች አይመሳሰሉም፣ አምና ግራጫ የነበረው ዘንድሮ ነጣ ብሏል፣ ቤተሰብም "ባሰበት እንዴ?" ብሎ ይደነግጣል። የተቀየረው ግን ሴቲንጉ ብቻ ሊሆን ይችላል። ማዋሃድ ማለት እንዲ ያሉ ምስሎችን እርስ በርስ እንዲነጻጸሩ ማስተካከል ነው።

ማሽኑ ላይ የሚመረጡ ቁጥሮች አሉ። ቲአር ማሽኑ በሚልከው አንዱ የሬዲዮ ሞገድ ምትና በሚቀጥለው መሃል ያለው ጊዜ ነው፣ ቲኢ ደሞ ከምቱ እስከ ሲግናሉ መቀበያ ያለው። ሁለቱም ሲያጥሩ ቲ1 የሚባለው የምስል ዓይነት ይወጣል፣ የአንጎል ፈሳሽ እዛ ላይ ጥቁር ነው፤ ሁለቱም ሲረዝሙ ቲ2 ይሆንና ያው ፈሳሽ ነጭ ይሆናል። የማግኔቱም ጉልበት 1.5 ቴስላ ወይ 3 ቴስላ ሊሆን ይችላል፣ ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው። (ሲዲውን አትጣሉት በነገራችን ላይ፣ እነዚ ቁጥሮች ከነምስሉ ተቀምጠው ያሉት እዛ ውስጥ ነው።)

ሲቲ ስካን ላይ የድምቀቱ ቁጥር ለውሃ 0 ነው፣ አየር ከዜሮ በታች 1000፣ በቃ። ኤምአርአይ እንዲ ያለ የጋራ ልኬት የለውም። ገበያ ላይ ሁሉም ገብሱን በየራሱ ጣሳ እንደሚሰፍረው ነው፣ "ሦስት ጣሳ" ሲሏችሁ የማን ጣሳ ብላችሁ ካልጠየቃችሁ ምንም አታውቁም።

ስለዚ ለማዋሃድ መጀመሪያ ቲ1ን ከቲ1 ጋር ነው የሚያገናኙት፣ ከዛ ምስሎቹን አንዱ ባንዱ ላይ እንዲገጥም ማስተካከል፣ የድምቀት መጠኑን ወደ አንድ ልኬት ማምጣት ምናምን። ምስሉ አንጎሉን በስስ በስሱ ቆራርጦ ነው የሚያሳየው፣ የቁራጮቹን ውፍረት ማስተካከል ላይ ግን ብዙ ሰው ይሸወዳል፦ በ5 ሚሊሜትር ቁራጭ የተነሳን ምስል ሶፍትዌር ወደ 1 ሚሊሜትር ይቀይረዋል፣ ያምራልም፣ ግን መሃል ላይ የተሞላው ግምት ነው፣ 2 ሚሊሜትር የሆነች ነጥብ መጀመሪያውኑ ከጎረቤቷ ጋር ተቀላቅላ ደብዝዛ ከሆነ ተመልሳ አትመጣም።

ለብዙ ሰው ጥናት ደሞ ኮምባት የሚባል የስታትስቲክስ ዘዴ አለ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ለጂን ዳታ የወጣ ሲሆን በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ አንጎል ምስል መጣ፣ የየማሽኑን ልዩነት ገምቶ ይቀንስና እድሜና ፆታ የሚያመጡትን ልዩነት ሳይነካ ለመተው ይሞክራል። ጥሩ ነው፣ ግን ህመምተኞቹ በሙሉ በ3 ቴስላ ጤነኞቹ በሙሉ በ1.5 ተነስተው ከሆነ የቱ የበሽታው የቱ የማሽኑ እንደሆነ ማንም ስሌት አይለየውም። ለዛ ነው አንዳንድ ጥናት ላይ የተወሰኑ ሰዎችን ከማሽን ማሽን እያዞሩ ደጋግመው የሚያነሷቸው።